«ፀሐይ ላይ ሲቆም ጭረቱን ራሱ የሚጠግን ሽፋን» የሚሉት እውነት ነው?

ነጭ_ቪትዝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር መኪናዬን ሙሉ በሙሉ ቀለም አስቀባሁ። በሦስተኛው ቀን የሰፈር ልጆች ከኋላ በር ጀምረው እስከ ፊት ጎማ ድረስ በምስማር አንድ ረዥም መስመር አሰመሩልኝ። ከንዴቴ የተነሣ ለሁለት ቀን ያህል በዚያ በኩል አላለፍኩም።

ትናንት አንድ የመኪና ማስዋቢያ ሱቅ ገባሁ። «እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳያሳስብህ ሽፋን እናልብስልህ። ፖሊመሩ ራሱን በራሱ ያድናል፤ ቢጫር እንኳ ፀሐይ ላይ አቁመኸው ቡናህን ጠጥተህ ስትመለስ ጭረቱን አታገኘውም» አሉኝ። ቪዲዮም አሳዩኝ። በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉታል፣ መብራት ያበሩበታል፣ ጭረቱ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜን ይወስዳል።

በእርግጥ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ አለ? ካለስ ብርሃን የተቆረጠን ነገር እንዴት አድርጎ ያገናኛል? የሚያውቅ ሰው ካለ ከመክፈሌ በፊት ይንገረኝ።

ተጠራጣሪው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡22

ቪዲዮውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አጫውተውልህ ነው። ገንዘብህን ያዝ።

ጋሽ_ስቱኮ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡51

ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ላሜራ ቀጥቅጬ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣ ቀለም ረጭቻለሁ። ራሱን የጠገነ መኪና ቢኖር ኖሮ እኔ ልጆቼን በምን አስተምር ነበር?

ነገር ግን አንድ ያልገባኝን ነገር ልናገር። ከዓመታት በፊት ከጃፓን የመጣ ጥቁር መኪና አንድ ሰው አመጣልኝ። ሹፌሩ በደረቅ ጨርቅ ሲወለውለው ኮፈኑን ጥቃቅን ጭረት ሞልቶታል። ላሽረው ቀጠሮ ሰጠሁት። በሳምንቱ ሲመጣ ከግማሽ በላዩ ጠፍቷል። «ሌላ ጋራዥ አሠርተህ እኔን ልትፈትነኝ መጣህ?» ብዬ ተቆጣሁት። ሰውየው ምሎ ተገዝቶ ካደ። እስከ ዛሬ አላመንኩትም።

ሰንሰለተ_ረዥም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ጋሼ፣ ሰውየውን በከንቱ ነው የተቆጡት። ያዩት ነገር እውነት ነው።

እኔ ጀርመን አገር የፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ከረዣዥም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ነገር) ኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ፤ ከሚሰነጠቁና ከሚጠገኑ ፕላስቲኮች ጋር መዋል ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተሸጡ ስለሆነ መጀመሪያ እንለያቸው።

አንደኛው ጋሼ ያዩት ነው። ኒሳን ከኒፖን ፔይንት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ጥቃቅን ጭረት የሚጠፋበትን የላይ ሽፋን ለገበያ አቀረበ። እዚያ ውስጥ ተቆርጦ የተቀጠለ ነገር የለም። ሽፋኑ ተለጣጭ ስለሆነ ብሩሹ ሲያልፍበት ይሰረጉዳል እንጂ አይቆረጥም። በደንብ የታሸ የዳቦ ሊጥ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ቀስ እያለ እንደሚነሣው ማለት ነው። የሞለኪውሎቹ ረዣዥም ሰንሰለቶች በየቦታው እርስ በርስ የተቋጠሩ ናቸው፤ ቋጠሮው ወደ ነበሩበት ይጎትታቸዋል። ሙቀት ሲያገኙ ይፈጥናሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይዘገያሉ። ኒሳን ራሱ እንደ ሙቀቱና እንደ ጭረቱ ጥልቀት ከአንድ ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይፈጃል ብሎ ነበር።

ስለዚህ «ፀሐይ ላይ አቁመው» የሚሉህ ለብርሃኑ ብለው አይደለም፤ ለሙቀቱ ነው። ሞቅ ያለ ውሃ ብታፈስበትም ያንኑ ያደርጋል። የሱቁ ሽፋን ከዚህኛው ዓይነት እንደሆነ ሳላየው እገምታለሁ።

ሁለተኛው በእርግጥ የተቆረጠን ሞለኪውል በብርሃን መልሶ የሚያያይዘው ነው። እሱም አለ፤ ነገር ግን በሱቅ አይገኝም። ስለ እሱ ነገ እጽፋለሁ፤ አሁን የላቦራቶሪው ጥበቃ በሩ ላይ ቆሞ ቁልፍ እያንሿሿብኝ ነው።

አወያይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

የሽፋን ዋጋ ዝርዝርና ስልክ ቁጥር የያዙ ሁለት መልእክቶችን አጥፍቻለሁ። እዚህ ማስታወቂያ አይፈቀድም።

የሻርጃው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ሰንሰለተ_ረዥም የጻፈችው ልክ ነው። እኔ ሻርጃ ውስጥ ይህንኑ ሽፋን መኪና ላይ መለጠፍ ነው ሥራዬ። ግልጽ የፖሊዩሬቴን ፕላስቲክ ነው፤ ራሱን የሚያድነው ግን ሙሉው ውፍረት ሳይሆን ከላዩ የተቀባ እጅግ ስስ ንብርብር ብቻ ነው። ደንበኛ ፊት ማሳያ ስንሠራ የነሐስ ብሩሽ እንፈትግበትና በሙቅ አየር መንፊያ እናሞቀዋለን። በሐምሌ ወር ግን መንፊያም አያስፈልገን፤ ከጥላ አውጥቶ ማቆም በቂ ነው።

ያልተነገረህን ልንገርህ። በምስማር እስከ ታች የተቆረጠ ሽፋን አይመለስም። እኛም ቀድደን አውጥተን ሌላ እንለጥፋለን። ሽፋኑ ጠቃሚ ነው፤ በመንገድ ላይ የሚፈናጠር ጠጠር ይመክታል። ምስማር የያዘ ልጅ ግን ያሸንፈዋል።

ተጠራጣሪው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ቪዲዮው አልተገለበጠም ማለት ነው። እሺ፣ ያንን ሐሳቤን አነሣሁ። ነገር ግን «በብርሃን የተቆረጠ ሞለኪውል ይቀጠላል» የሚለውን እህታችን እስክታስረዳ ድረስ ባለበት ትቼዋለሁ።

ጥፍረ_ቀይ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

እኛ ጥፍር ቤት ቀለሙን ከቀባን በኋላ እጃቸውን ሰማያዊ መብራት ውስጥ እናስከትታቸዋለን፤ ባንድ ደቂቃ ድንጋይ ይሆናል። የጥርስ ሐኪሙም የሞላልኝን ጥርስ በሰማያዊ መብራት ነበር ያደረቀው። ይሄ ነው እንግዲህ?

ጋሽ_ስቱኮ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

እኛም ጋር አለ። የፊት መስታወት ጠጠር ሲመታው ስንጥቁ ሳይሄድ ቀጭን ሙጫ በመርፌ እንከትበትና ብርሃን እናበራበታለን። ይይዛል። የፀሐይ ብርሃንም ያደርቀዋል፤ እንዲያውም ሳንጨርስ እንዳይደርቅብን ጥላ ሥር ነው የምንሠራው።

ሰንሰለተ_ረዥም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጥፍረ_ቀይ፣ ዘመዱ ነው፤ ራሱ ግን አይደለም። የጥፍሩም፣ የጥርሱም፣ የጋሼም መስታወት ሙጫ መጀመሪያ ፈሳሽ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ትንንሾቹ ሞለኪውሎች ተያይዘው መረብ ይሆናሉ፤ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ ጉዳዩ አበቃ። ጥፍሩ ሲሰነጠቅ ደንበኛሽ መልሳ መብራቱ ውስጥ ብታስገባው ምንም አይሆንም፣ አይደል? የእኛ ችግር ይሄ ነው፤ ጠጣር ሆኖ የኖረ ነገር፣ ከውጭ ሙጫ ሳይጨመርበት፣ ስንጥቁ ላይ ብቻ እንደገና እንዲያያዝ ማድረግ።

ከቀረፋ ልጀምር። ቀረፋ ውስጥ ሲናሚክ አሲድ አለ፤ ስሙም ከቀረፋ የወጣ ነው። የዚህ ቤተሰብ ሞለኪውሎች ሁለት ካርቦኖች በድርብ ትስስር የተያያዙበት ቦታ አላቸው። ሁለት ሞለኪውሎች ጎን ለጎን ሆነው ተስማሚ አልትራቫዮሌት (ዓይን የማያየው) ብርሃን ሲያገኙ ከድርቡ አንዱን ይለቁና እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አራት ካርቦን ያለው ካሬ ቀለበት ይፈጠራል። ካሬ ለካርቦን የሚመች ቅርጽ አይደለም። ትስስሮቹን በ109 ዲግሪ ገደማ ዘርግቶ መኖር ሲወድ እዚህ ወደ 90 ተገድዶ ይቀመጣል። ስለዚህ ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚለቀው ይህ ቀለበት ነው፤ ሲለቅም ወደ ቀድሞዎቹ ሁለት ሞለኪውሎች ይመለሳል። የስንጥቁ ሁለት ግድግዳዎች ላይ እንደገና ለመያያዝ የተዘጋጁ ሞለኪውሎች ፊት ለፊት ተሰልፈው ይቀራሉ ማለት ነው። ብርሃኑን መልሰህ ስታበራ ካሬው እንደገና ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ይህንን በተሰበረ ፖሊመር ላይ አሳዩ። የተመለሰው ጥንካሬ ከመጀመሪያው ትንሹ ክፍል ነበር። ሐሳቡ ግን ሠራ።

ኩማሪን የሚባለው ሌላው የቀረፋ ጓዳ ሞለኪውል ደግሞ መለያያም አለው። የሞገድ ርዝመቱ ከ300 ናኖሜትር (የብርሃን ዓይነት የሚለይበት መለኪያ) በላይ የሆነ አልትራቫዮሌት ያያይዘዋል፤ 254 ናኖሜትር የሆነው ይለያየዋል። አንድ ቁልፍ ይቆልፋል፣ ሌላ ቁልፍ ይከፍታል። 254 የሆነውን ብርሃን ኦዞን እላይ ስለሚያስቀረው ፀሐይ ላይ ያለ ዕቃ በራሱ ጊዜ አይከፈትም፤ መክፈት ሲያስፈልግ በመብራት ነው።

ቀጥሎ በጣም የተወራለት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቢስዋጂት ጎሽ እና ማሬክ ኡርባን፣ አሜሪካ በሚገኘው የደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊዩሬቴን ውስጥ ሁለት ነገር ጨመሩ። አንዱ ኦክሲቴን ነው፤ ሦስት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን ያለው የተጨነቀ ቀለበት። ሌላው ካይቶሳን፤ ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚገኝ። ጭረቱ ሲያልፍ የኦክሲቴኑ ቀለበት ተሰብሮ ይከፈታል፤ ለመያያዝ የተዘጋጀ ጫፍ ይተዋል። አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ደግሞ የካይቶሳኑ ሰንሰለት ይቆረጥና ከዚያ ጫፍ ጋር ይያያዛል። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጭረቱ ይሞላል። ነጭ_ቪትዝ፣ የሱቁ ሰዎች ተረት ከየት እንደመጣ አየህ? የዚያን ጊዜ ዜናዎች ሁሉ «መኪናህን ፀሐይ ላይ አቁመው» ነበር የሚሉት።

የተከፈተ ቀለበት ግን ተመልሶ አይዘጋም። ስለዚህ አንዱ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ይድናል። ልጆቹ በዚያው መስመር ላይ ምስማሩን ቢደግሙት ሁለተኛ የሚከፈት ቀለበት የለም።

ተጠራጣሪው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡34

ሸርጣን ያለበት ሽፋን! በጾም መንዳት ይፈቀዳል?

ነጭ_ቪትዝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ኬሚስትሪ መምህር ቢኖረኝ ኖሮ ሒሳብ መዝገብ አያያዝ አልማርም ነበር። ግን ከአንድ ጊዜ በላይ የሚድን የለም?

ሰንሰለተ_ረዥም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡15

አለ። እኔ ይህን ትምህርት የመረጥኩበት ምክንያትም እሱ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ባበዛ ይቅር በሉኝ።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ረዥም ሰንሰለት ወስደው የሚሰበር ነገር የጨመሩበት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ሥራ ነገሩን ገለበጠው። ከኦሃዮው ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ስቱዋርት ሮዋን፣ ከስዊዘርላንዱ የፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፍ ቬደር፣ ከአሜሪካ ጦር ምርምር ላቦራቶሪም ባልደረቦቻቸው አሉበት። ፖሊመር የሚያሰኘው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው፤ ፕላስቲክ የሚጠነክረው ሰንሰለቱ ረዝሞ ስለሚጠላለፍ ነው። እነርሱ ግን አጫጭር ሰንሰለቶችን ወሰዱ። በየሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ላይ ብረት የሚይዝ መንጠቆ አደረጉ። ከዚያ ዚንክ ጨመሩ። አንድ ዚንክ ከሁለት ሰንሰለት ሁለት መንጠቆ ይይዛል፤ እንዲህ እየተያያዘ የአጫጭሮቹ ድርድር እንደ አንድ ረዥም ሰንሰለት ይሆናል። መቁጠሪያ በሉት፤ ዶቃውና ክሩ ሳይሆን ዶቃና ማግኔት።

ብርሃን ሲበራበት ዚንኩና መንጠቆው ያለበት ቦታ አልትራቫዮሌቱን ይውጠውና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። መንጠቆዎቹ ይለቃሉ። ጠጣር የነበረው ነገር ብርሃን ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ወደ አጫጭር ሰንሰለቶቹ ይፈርሳል፤ ይቀጥናል፣ እንደ ቡሆ ይፈስሳል፣ ጭረቱን ይሞላል። መብራቱ ሲጠፋ ዚንኩ መልሶ ይይዛል። 30 ሰከንድ ሁለት ጊዜ አብርተው ከውፍረቱ ከግማሽ በላይ የተቆረጠ ፊልም (ስስ የፕላስቲክ ንጣፍ) ገጠመ። ቁርጡ በዚያው ቦታ ቢደገምም ይድናል፤ ምክንያቱም የተበላ ነገር የለም፤ ዚንኩም መንጠቆውም አለ።

የሚገርመኝ ደግሞ ቦታ መምረጡ ነው። ዕቃውን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ብታስገባው ሁሉም ይቀልጥና ቅርጹን ያጣል። ብርሃን ግን እንደ መርፌ ነው፤ የፈለግህበት ላይ ታሳርፈዋለህ፣ ሌላው ሸክሙን እንደተሸከመ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2001 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዋይት፣ ሶቶስና ሙር ፕላስቲክ ውስጥ ፈሳሽ መድኃኒት የያዙ እጅግ ጥቃቅን እንክብሎች በትነው ነበር፤ ስንጥቁ እንክብሉን ሲሰብር ፈሳሹ ይፈስና ይደርቃል። ድንቅ ሥራ ነው፤ ከሰው ምንም አይጠብቅም። ነገር ግን እንክብሉ ከፈሰሰ ፈሰሰ ነው።

ሶላር_ተካዩ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡02

አንድ ነገር ልጠይቅ። የ2011ዱ ሥራ ላይ የብርሃኑ ኃይል ስንት ነበር? እኔ ጣሪያ ላይ ሶላር የምተክል ሰው ነኝ፤ «ብርሃን» ሲባል ዋቱን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰንሰለተ_ረዥም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡09

950 ሚሊዋት በካሬ ሴንቲ ሜትር፤ ከ320 እስከ 390 ናኖሜትር። የፊልሙ ገጽ ከ220 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቋል።

ሶላር_ተካዩ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡31

እንግዲያውስ እናስላው። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ትሰጣለች፤ ሶላር ፓነልም የሚለካው በዚሁ ነው። ወደ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲመነዘር 100 ሚሊዋት። ከዚህ ውስጥ አልትራቫዮሌት የሆነው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 5 ሚሊዋት። 950ን ለ5 ብናካፍል 190። የላቦራቶሪው መብራት ከእኩለ ቀን ፀሐይ አልትራቫዮሌት 200 እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ትንሽ እንጨምርላት። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ሩብ ያህል ብንበልጥ ነው። ሩብ ግን 200 እጥፍን አይሞላም። መኪናህን እንጦጦ አናት ላይ ብታቆመውም የኦሃዮው ፊልም አይቀልጥልህም።

ተጠራጣሪው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡40

በመጨረሻ በቁጥር የሚያወራ ሰው መጣ።

ሰንሰለተ_ረዥም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡58

ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ባይቀልጥ ደግሞ ይሻላል። የ2011ዱ ዕቃ ፀሐይ ላይ ቢቀልጥ ኖሮ መኪናህ ላይ እንደ ሻማ ይንጠባጠብ ነበር። የተፈለገው በመብራት ሲታዘዝ ብቻ እንዲለቅ ነው።

የባቱ_ጽጌረዳ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡45

ውይይታችሁን ሌሊቱን በሙሉ አነበብኩት። እኔ ባቱ ጽጌረዳ እርሻ ላይ ነው የምሠራው። መኪናውን ተዉትና ወደ እኛ ፕላስቲክ ኑ። የግሪንሃውሳችን ጣሪያ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። ከሁሉ ቀድሞ የሚቀደደው ብረቱን የሚነካው ቦታ ላይ ነው። በማጣበቂያ ፕላስተር እየለጠፍን እንቆያለን፤ ንፋስ በነሣ ቁጥር ግን ፕላስተሩን ይዞት ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውል ነገር ነው። ራሱን በፀሐይ የሚጠግን ፕላስቲክ ለእኛ ካልተሠራ ለማን ሊሠራ ነው?

ሰንሰለተ_ረዥም | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡10

እስካሁን ይህን ጥያቄ ያመጣ ሰው አለመኖሩ ገርሞኝ ነበር።

የእናንተ ጣሪያ ፖሊኢትሊን ነው። ፖሊኢትሊን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ፣ ምንም መንጠቆ የሌለው ሰንሰለት ነው፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ሲቆረጥ የሚያያዝ ጫፍ አይተውም። በዚያ ላይ ግማሽ አካሉ እንደ ክሪስታል ተደርድሮ የተቀመጠ ስለሆነ ሰንሰለቶቹ ወደ ስንጥቁ ተንቀሳቅሰው መድረስ አይችሉም።

ፀሐይ ለእናንተ ጣሪያ ገዳዩ ናት። አልትራቫዮሌቱ ከኦክስጅን ጋር ሆኖ ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፤ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ይነቅዛል። ብረቱን የሚነካው ቦታ ቀድሞ የሚሄደው ብረቱ ስለሚግል ነው፤ ሙቀት ቁርጡን ያፋጥነዋል። አንዳንዶች ብረቱን ነጭ ቀለም የሚቀቡት ለዚህ ነው። አምራቹም ይህን ስለሚያውቅ ብርሃን ተከላካይ ኬሚካል ይጨምርበታል፤ ብዙውን ጊዜ አሚን የሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ጠባዩ እንደ አመድ ውሃ ነው፣ አሲድ ያጠፋዋል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ለአመዳይ በሽታ ግሪንሃውሱ ውስጥ ድኝ ታጥናላችሁ?

የባቱ_ጽጌረዳ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡25

እናጥናለን። ማታ ማታ።

ሰንሰለተ_ረዥም | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡00

የድኙ ጢስ ፕላስቲኩ ላይ ሲያርፍ ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ አሲዱ ያንን ተከላካይ ያጠፋዋል። ጣሪያችሁ ከተጻፈለት ዕድሜ ቀድሞ የሚያረጅ ከሆነ ፀሐይዋን ብቻ አትክሰሱ። ስትገዙ «ድኝ እንጠቀማለን» ብላችሁ ንገሯቸው፤ ድኝ የሚችል ተከላካይ ያለው ፊልም አለ። ይህ ራሱን ከሚጠግን ፖሊመር ይልቅ ዛሬ ይጠቅማችኋል።

የባቱ_ጽጌረዳ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡12

ሰባት ዓመት ስሠራ ይህን የነገረኝ የለም። ለኃላፊው አሳይቼዋለሁ፤ «ይህ ከየት መጣ» አለኝ፤ ስለ መኪና ጭረት ከሚያወሩ ሰዎች አልኩት።

ሶላር_ተካዩ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ከላይ የተባለው አንድ ነገር ከነከነኝ። ፕላስቲክን ፀሐይ የምትገድለው ከሆነና ሁሉም አምራች አልትራቫዮሌት የሚከለክል ነገር የሚጨምር ከሆነ፣ የሚያድነው ሞለኪውል ብርሃኑን ከየት ያገኛል? ጃንጥላ ይዞ ፀሐይ እንደመሞቅ አይሆንም?

ሰንሰለተ_ረዥም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡45

ይሆናል። የምንታመስበት ጉዳይ ይሄው ነው።

መውጫ የሚመስለው ጃንጥላው በማይከለክለው ብርሃን መሥራት ነው፤ ዓይናችን በሚያየው ብርሃን። ድኝ ለባቱው ሰው ጠላት ቢሆንም ለእኛ እዚህ ወዳጅ ነው። ሁለት የድኝ አቶሞች የተያያዙበት ትስስር ደካማ ስለሆነ በቀላሉ ይለያያል፤ ከሌላ ጋርም መልሶ ይያያዛል። የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንድ ላይ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ሌላ የድኝ ውሕድ ተጠቅመው የተቆረጠ ጄል በአልትራቫዮሌት ደጋግመው አገጣጠሙ፤ ግን ኦክስጅን ስለሚያበላሽባቸው በናይትሮጅን ውስጥ ነበር የሠሩት። በዓመቱ ያው ቡድን ሌላ የድኝ ትስስር ይዞ መጣ፤ በተራ አየር፣ በክፍል ሙቀት፣ በሚታይ ብርሃን፤ የተቆረጠው ቁራጭ በ24 ሰዓት ገጠመ። እኔም አሁን ዘመዱ ላይ ነው የምሠራው።

ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁ። እነዚህ የሚድኑት ሁሉ ለስላሳ ናቸው። ለመዳን ሰንሰለቱ መንቀሳቀስ አለበት፤ የሚንቀሳቀስ ሰንሰለት ደግሞ ለስላሳ ዕቃ ይሰጣል። የቀለም ሽፋን ጠንካራ እንዲሆን ትፈልጋለህ፣ ያኔ ጭረቱ እንደ ቀረ ይቀራል። እንዲድን ትፈልጋለህ፣ ያኔ በጥፍርህ ይሰረጎዳል። ቅቤን ተመልከቱ፤ ሲቀዘቅዝ የቢላ ምልክት ይዞ ይውላል፣ ምድጃ አጠገብ ሲሆን ገጹ ይስተካከላል፣ ግን ማን ቅቤ ላይ ዕቃ ያስቀምጣል? የ2011ዱን የዚንክ ሥራ የምወድደው ለዚህ ነው፤ ጠጣርነትንና ፈሳሽነትን በመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ለያቸው። ፊልሙ ግን እሱም ጎማ መሰል ነው።

እኔ ራሴ የሠራሁት ባለፈው ወር ቆንጆ አድርጎ ገጠመ። ከደስታዬ የተነሣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። ሰኞ ስመለስ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ አንድ ሆኗል።

ጥፍረ_ቀይ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡58

ወረቀቱንም አድኖት ይሆናል።

ነጭ_ቪትዝ | ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡20

ሱቁ ሄጄ «ቁራጭ ስጡኝ፣ ልሞክረው» አልኳቸው። መጀመሪያ ተገረሙ፤ በኋላ እጅ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ሰጡኝ። ሁለቱንም በነሐስ ብሩሽ ፈተግኳቸው፤ ጥግ ጥጋቸው ላይ ደግሞ በምስማር አንድ አንድ መስመር አሰመርኩ። አንዱን በረዶ የገባበት ውሃ በብርጭቆ ሞልቼ ውስጡ አስቀመጥኩትና ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ሌላውን መስኮት የሌለው መታጠቢያ ክፍል አስገብቼ መብራቱን አጠፋሁና ከቴርሞስ ሞቅ ያለ ውሃ አፈሰስኩበት።

በጨለማ የነበረው የብሩሽ ጭረቱ በሙሉ ጠፍቷል፤ አንድ ደቂቃም አልፈጀ። ፀሐይ ላይ በረዶ ውስጥ የነበረው ጭረቱን ይዞ ውሏል፤ በረዶውን ሁለት ጊዜ መተካት ነበረብኝ። የምስማሩ መስመር በሁለቱም ላይ ፍንክች አላለም።

ለሻጩ ነገርኩት። «እኛ በፀሐይ ነው ያልነው፣ በብርሃን አላልንም» አለኝ። ልከራከረው ፈለግሁ፤ ግን በቃሉ ይዞኛል።

ተጠራጣሪው | ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡31

በረዶ እየተካህ ፀሐይ መጠበቅህ! አንተን ነበር መጠርጠር የሚገባኝ።

የሻርጃው | ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡05

ጥሩ ሙከራ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ መኪናህ ነጭ ነው። ነጭ ላሜራ ፀሐይን ይመልሳል፣ ብዙ አይግልም። አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። እኛ ጋር ጥቁር መኪና ላይ ባንድ ሰዓት የሚጠፋው ጭረት ያንተ ላይ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ፈጥኖ እንዲድን ከፈለግህ ሙቅ ውሃ ይዘህ መውጣት ነው።

ነጭ_ቪትዝ | ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡20

ስለዚህ ሽፋኑን ትቼዋለሁ። ግን ጋሼ፣ መስመሩን ለማጥፋት መቀባቱ ካልቀረ ለምን ጥቁር አልቀባውም? ቢያንስ ወደፊት ሽፋን ባስለብሰው ይሞቅልኛል።

ጋሽ_ስቱኮ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጥቁር ብትቀባው ዛሬ የማታያቸውን አርባ ጭረቶች ነገ ታያቸዋለህ። ነጭ ደብቆ ያኖራል። ያ ከጃፓን የመጣው መኪና ነጭ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ጭረት አለብኝ ብሎ እኔ ጋር አይመጣም፣ እኔም አልሰድበውም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ይዘኸው ና። ሁለቱን በርና የፊቱን ክንፍ ብቻ ነው የምንነካው። ከሁለቱ ቁራጮች አንዱንም አምጣልኝ፤ ሙቅ ውሃ እኔ ጋር አለ፣ በዓይኔ ልየው።

ሰንሰለተ_ረዥም | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጋሼ፣ የዚያን ሰውዬ ስልክ ቁጥር ካላጠፉት ደውሉለት።

ጋሽ_ስቱኮ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡30

መጀመሪያ ቁራጩን ልየው።